መቅደላን በእግር፦ ከደሴ ተነሥቶ አምባውን አይቶ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

መቅደላ ደርሰው «ታዲያ ሐውልቱ የታለ?» ብለው የጠየቁኝ እንግዶች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል አምሳያ እያየ ያደገ ሰው፣ ዋናው መድፍ ባለበት አገር ከዚያ የሚበልጥ ግንባታ፣ ደረጃና አጥር ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ገደል፣ ሣር፣ ንፋስና አንድ ከባድ ብረት ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በጥድፊያ ወጥቼ፣ መድፉ ላይ እጄን ጭኜ ፎቶ ተነሥቼ፣ በመጣሁበት እግሬ ወረድኩ። ደሴ ገብቼ «ምን አየህ?» ሲሉኝ የምናገረው ጠፋኝ። ሁለተኛ ስሄድ አንድ የአካባቢው አባት ከፊቴ ቀድመው፣ ነገሩ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ አዞሩኝ። መቅደላን ያየሁት ያን ቀን ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው የእናንተ የመጀመሪያ ጉዞ እንደ እኔ ሁለተኛው እንዲሆንላችሁ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከአምባው አፋፍ ላይ ሆናችሁ የበሽሎን ሸለቆና የደላንታን ሜዳ አጥርታችሁ ታያላችሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ አትሞክሩት። መንገዱ ይበላሻል፣ ጉሙ አምባውን ይውጠዋል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ብዙ ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱበትን ሚያዝያ 6 መርጦ ይሄዳል። ይህ የበልግ ወቅት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ እንደሚችል አስባችሁ ውጡ። በ1860 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ውጊያው ሲካሄድም ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። በዚያ ወር የሄደ ሰው የዚያን ቀን አየር በራሱ ቆዳ ያውቀዋል፤ የዝናብ ልብስ ይዞ ከሆነ እኔ አልከለክልም።

ከቀን ምርጫ በላይ ግን የመንገዱ ሰላም ይቅደም። ከመነሣታችሁ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት በመቅደላ መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፣ ተንታ ወይም አጅባር፣ የሚኖር ሰው፣ ካልሆነም ደሴ መነኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ። «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በወሎ ነውር የለበትም፤ ሁሉም ይጠይቃል፣ ሁሉም በእውነት ይመልሳል።

ከመሄድ በፊት ታሪኩን መያዝ

አምባው ላይ ተለጥፎ የሚነበብ ነገር አትጠብቁ። ስለዚህ የሚከተለውን በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ መሳፍንቱ አገሩን ተከፋፍለው የያዙበት ዘመን ብዙ አሥርት ዓመታት አስቆጥሮ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወሎ ዘመቱ፣ መቅደላንም ያዙ። ከዚያ በኋላ አምባው ግምጃ ቤታቸውም፣ የጦር መሣሪያ ማኖሪያቸውም፣ እስር ቤታቸውም ሆነ። ከተበተነ አገር አንድ መንግሥት ለመሥራት ያሰቡት ሁሉ፣ መጻሕፍቱም ዘውዱም መድፉም፣ በስተመጨረሻ እዚህ ተከማቸ። መቅደላን የአዲሲቱ ኢትዮጵያ መነሻ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከሸዋ የተወሰደው ሕፃን ምኒልክ ያደገው በዚህ አምባ ላይ ነው። አሥር ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ወረደ፤ የተቀበለችውና ያሳለፈችው የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂቱ ነበረች። የወርቂቱ ልጅ ግን ያኔ መቅደላ ላይ እስረኛ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ብስጭታቸውን በእሱ ላይ ተወጡ። እናቱ ለሌላ ሰው ልጅ የዋለችው ውለታ የራሷን ልጅ አስከፈላት። ይህን ሳያውቅ አምባው ላይ የቆመ ሰው፣ ከወሎ ሰው ጋር ስለ ቴዎድሮስ ሲጫወት አንዳንዱ ፊት ለምን እንደሚጠቁር አይገባውም።

የመጨረሻው ነገር የጀመረው በደብዳቤ ነው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ቆንስሉን ካሜሮንን ሌሎች አውሮፓውያንን ጨምረው አሰሩ። እንግሊዝ ጀነራል ሮበርት ናፒርን ከ13,000 ያህል ወታደር ጋር ከሕንድ ላከች። ጦሩ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ፣ ዝሆን ሳይቀር አስከትሎ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጣ። ይህን ያህል ከያዛችሁ ቀሪውን መሬቱ ይነግራችኋል።

ደሴ ላይ መሰናዳት

ደሴ ላይ አንድ ቀን አድራችሁ ተነሡ። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው ሳንባው ይላመዳል፤ ደሴ ራሷ ከፍ ያለች ናት፣ መቅደላ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ጊዜ ካላችሁ የደሴን ሙዚየም እዩ፤ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽንም እዩ።

የሚያዝ ነገር ብዙ አይደለም፣ ግን አንዱም አይቅር፦

- ሶሉ የሚይዝ፣ እግር የለመደው ጫማ። አዲስ ጫማ ቁልቁለቱ ላይ የእግር ጣት ጥፍር ያነሣል።
- ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ቆፈን ነው።
- ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ።
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ። በሶ በማርና በውሃ ተበጥብጦ አቀበት ላይ የሚሰጠውን ጉልበት የታሸገ ብስኩት አይሰጥም።
- ነጠላ፣ ለሴትም ለወንድም። አምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ።
- ባትሪ፣ ኮፍያ፣ ቁስል መጠቅለያ።
- ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ። መሪውም፣ ባለ በቅሎውም፣ ቡና ያፈላችው እናትም በእጅ ነው የሚከፈላቸው።

በትር ከደሴ አትግዙ። ተንታ ላይ መሪያችሁ ቆርጦ ወይም ተውሶ ይሰጣችኋል፣ ከቁመታችሁም ጋር ያስተካክለዋል።

ወደ ተንታ መውጣት

ደሴ መነኸሪያ በሌሊት ግቡ። ወደ አጅባርና ወደ ተንታ የሚሄደው መኪና ሞልቶ የሚነሣው ማለዳ ነው። አንድ ጊዜ ቁርሴን ስበላ አርፍጄ ደረስኩና ቀኑን ሙሉ ሌላ መኪና እየጠበቅሁ መነኸሪያ ተቀምጬ ዋልኩ፤ በማግሥቱ ከወፎች ቀደምኩ። የግል መኪና ያለው ሰው ከመሬት ከፍ ያለ ይዞ ይምጣ። መንገዱ ተራራ የሚጠማዘዝና አቧራማ ነው። ማስታወክ የሚያስቸግረው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ሎሚ ይያዝ።

ተንታ ስትደርሱ ቀኑን በሙሉ አሳርፉት፤ የዚያኑ ዕለት አምባውን ለመውጣት አትጣደፉ። ማረፊያው ቀላል ነው፣ አልጋና ብርድ ልብስ። ከሰዓቱን በሁለት ነገር ተጠቀሙበት። አንደኛው ፈቃድ ነው፦ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩ፣ መታወቂያ አሳዩ፣ የሚከፈል ካለ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሳያስታውቅ የወጣ እንግዳ መንገድ ላይ በየቀበሌው ሲጠየቅ ይውላል፤ ደብዳቤ የያዘ ግን አሳይቶ ያልፋል።

ሁለተኛው መሪ ነው። ወጣት ፈጣን መሪ ከመፈለግ ይልቅ በአካባቢው ተወልደው ያረጁ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው ጠይቁ። ልጅ እግሩ በቅሎውን ይሳብ፣ አዛውንቱ ያውሩ። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ ምሳውም የናንተ ይሁን። ጉልበቱ የደከመ ወይም አቀበት ያልለመደ ሰው በቅሎ ይከራይ፣ ምንም አያሳፍርም፤ ሲወርድ ግን ከበቅሎዋ ወርዶ በእግሩ ይሂድ።

አምባውን በቅደም ተከተል ማየት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፣ የጉዞው ቁም ነገር ይህ ነው።

መቅደላ የሚለው ስም ለአንድ ጠፍጣፋ ተራራ ይሁን እንጂ ቦታው የተያያዙ ከፍታዎች ናቸው፦ ፋላ፣ ሥላሴ፣ በመካከል የእስላምጌ ሜዳ፣ ከዚያ አምባው ራሱ። ከፋላ በታች ደግሞ የአሮጌ ሜዳ አለ። እንግሊዞች የመጡት በሰሜን፣ ከደላንታ ወርደው በሽሎን ተሻግረው ነው። ከተንታ የሚነሣ እንግዳ ግን በደቡብ በኩል ይደርሳል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ከወጣችሁ ታሪኩን ከመጨረሻው ምዕራፍ ትጀምሩታላችሁ፤ እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። መሪያችሁን «መጀመሪያ ወደ እስላምጌ አውጣን፣ አሮጌን አሳየን፣ አምባው ይቆየን» በሏቸው። መንገዱ ይረዝማል። ማለዳ ከተነሣችሁ ይበቃል።

እስላምጌ ላይ ቆማችሁ ወደ አሮጌ ተመልከቱ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ስቅለት፣ የንጉሡ ጦር ከላይ ተወርውሮ የወረደው ወደዚያ ሜዳ ነው። ከፊት የነበሩት ፊታውራሪ ገብርዬ ናቸው። ወታደሩ የያዘው ጦር፣ ጎራዴና በአፍ የሚጎረስ ጠመንጃ ነበር፤ ከወዲያ በኩል የጠበቀው ደግሞ በኋላው ተጎርሶ በፍጥነት የሚተኮስ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃና ሮኬት ነው። ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ፣ ገብርዬም አብረው። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ያህል ነው፤ ከእነሱም የሞቱት ሁለት። ቁልቁለቱን በዓይናችሁ ለኩት። እሱን ሮጦ የወረደ ሰው ድካሙ ምን ያህል እንደነበር እግራችሁ ይነግራችኋል።

እዚያው ሳላችሁ ወደ ገደሉ አፋፍ ዞር በሉ፣ ግን አትጠጉ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ የተቀመጠ እንጂ የተተከለ አይደለም። ከውጊያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለው ወደ ገደል የተወረወሩት እስላምጌ ላይ ነው። ቴዎድሮስን እወዳለሁ፤ ስማቸው ሲነሣ ልቤ ይሞላል። ይህን ቦታ ግን ሳላሳይ ያሳለፍኩት እንግዳ የለም። ጀግናን የሚወድ ሰው የበደላቸውንም ሰዎች ቆሞ ያስታውስ።

ከዚህ በኋላ ሰኞን አስቡ። ዓርብ ውጊያው አለቀ፣ ቅዳሜና እሑድ አውሮፓውያኑ እስረኞች ተለቀቁ፣ እሑድ ፋሲካ ዋለ። በማግሥቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ጥቂት ሰው አስከትለው በዚህ ሜዳ ላይ ፈረስ እየጋለቡ ጠላትን ለግጥሚያ ጠሩ። የወጣላቸው የለም። ወደ አምባው በር ተመለሱ። ከታማኝ መኳንንቶቻቸው አንዱ ራስ እንግዳ በሩ ላይ በጥይት ወደቁ። የቀሩትን ሰዎቻቸውን ነፍሳችሁን አድኑ ብለው አሰናበቱና፣ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ አፋቸው ውስጥ ተኩሰው ሞቱ።

እናንተም አሁን በዚያው አቅጣጫ፣ በኮኪት በር በኩል ግቡ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ አለቱ ከሁለት ወገን ይጫናል፣ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል። በአንድ ረድፍ ሁኑ። በሩ ላይ ወሬ አቁማችሁ ጥቂት ቁሙ። የኔ አዛውንት እዚያ ሲደርሱ ቆባቸውን አወለቁ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ በትራቸውን አለቱ ላይ አስደግፈው ጫማቸውን አሰሩ፣ ከዚያ ቀድመውኝ ወጡ።

ሴባስቶፖል ጋር ስትደርሱ

መሪያችሁ መድፉ ጋ ያደርሷችኋል። ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ከጎኑ ተቀመጡ። አጭር ነው፣ ሆዱ ወፍራም፣ አፉ ሰፊ። እንደ ተራ መድፍ ቀጥ ብሎ የሚተኩስ አይደለም፤ ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከአናት የሚያወርድ ዓይነት ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። መዳፋችሁን ብትጭኑበት ማለዳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ አያስነካም። ገጹ ለስላሳ አይደለም፤ ቀላጩ ብረት ሲረጋ የተወው ሻካራነት በጣት ይታወቃል።

የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ሠራተኞቹ ለወንጌል ሥራ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ ንጉሡ አስገደዷቸውና እየተሞከረ፣ እየፈረሰ፣ እንደገና እየተሠራ ቆየ። አብረዋቸው የሠሩት የአገሬው ልጆች ስም ግን አልተጻፈም።

የሚደንቀኝ የመጣበት መንገድ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መድፉ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ተጎትቶ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። መንገድ አልነበረም፤ እየጠረጉ ነበር የሚሄዱት፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። የናፒር ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ የተጓዘው ደግሞ ለዚሁ መድፍ በተጠረገው መንገድ ነው። መድፉ ጋ ስትቀመጡ ፊታችሁን ወደ በሽሎ አዙሩና ያን ገደል 7 ቶን እንዴት እንደወጣው በዓይናችሁ ተከተሉት። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ መነሣት አቅቶኝ ያውቃል።

አትውጡበት፣ በድንጋይ አታንኳኩት፣ ስማችሁን አትጻፉበት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እጃቸውን አስነኳቸው፣ ይበቃል።

አምባው ላይ

ላዩ ሰፊና ሜዳማ ነው። እንደ ምሽግ የቆመ ግንብ አትፈልጉ፤ እንግሊዞች ሚያዝያ 10 ቀን አምባውን ከነመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያኑ አቃጥለው ነው የሄዱት። ንጉሡ በመጀመሪያ የተቀበሩት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከመቃጠሉ በፊት የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል፤ ዕቃው ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ደላንታን ከአምባው ማዶ ታዩታላችሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ብራናና ታቦት ሲጫረቱበት አስቡት። ከብራናዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው። የንጉሡ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወስዶ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ አጽሙ ዊንዘር ነው ያለው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ባሕር እንኳ ሳትደርስ መንገድ ላይ አርፋለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርሱ ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ ልበሱ። ቄሱን ወይም አባቶችን ካገኛችሁ ቆማችሁ ሰላምታ ስጡ፣ መስቀል ተሳለሙ። ሙስሊም ከሆናችሁ ከበሩ ውጪ ቁሙ፤ ማንም ቅር አይለውም፣ እንዲያውም አጠገባችሁ መጥተው ያጫውቷችኋል። ወሎ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው።

በአምባውና በዙሪያው ሰው ይኖራል። ቡና ከጠሯችሁ ግቡ። ሦስቱንም ስኒ ጠጡ፤ ምርቃት ሲጀመር «አሚን» በሉ። ስለ ቴዎድሮስ ለመጠየቅ የሚመቸው ሰዓት ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። «ቴዎድሮስ ጀግና ነበር ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ከናንተ ፊት ተነብቦ ይመለሳል። «የናንተ ሰዎች ያኔ የት ነበሩ?» በሉ። አንዱ ቤት አያቱ መድፍ እንደጎተተ ይነገረዋል፣ ሌላው ቤት አያቱ ከገደል እንደተወረወረ። ሁለቱም ቤት ቡና ይጠጣጣሉ። የሰማችሁትን በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

መውረድና መመለስ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አምባው ላይ አትቆዩ። ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይልቅ ጉልበት ይሰብራል፤ በትሩን ከፊት ተክላችሁ፣ እግራችሁን ሰያፍ እያደረጋችሁ ውረዱ። የበላችሁበትን ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ።

ተንታ ከመሸ በኋላ መሪያችሁን እራት ጋብዙ፤ ሒሳቡንም ያኔ በሁለት እጅ ስጡ። ለደሴ መኪና ሌሊቱን ስለሚነሣ ሻንጣችሁን ከመተኛታችሁ በፊት ዝጉ፣ የቤቱን ባለቤት ቀስቅሱን ብላችሁ አደራ በሉ። አንድ ቀን ከተረፋችሁ በደሴና በወልድያ መንገድ ላይ ውጫሌን ታገኛላችሁ፤ ከዚህ አምባ ያመለጠው ምኒልክ ነግሦ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋለው እዚያ ነው፣ የአድዋም ጠብ የመጣው በዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ ነው።